ቅድሚያ የማን ነው? ከሰፈራችን አደባባይ እስከ ፓሪስ



ባለፈው ጁሙዐ ሶላት ተሰግዶ ሰው ሲበተን፣ ከመስጂዳችን በታች ባለችው ትንሽ አደባባይ ላይ ሁለት መኪኖች ሊጋጩ አንድ ስንዝር ሲቀራቸው ቆሙ። ሁለቱም አሽከርካሪዎች የኛው ጀመዓ ናቸው። ከደቂቃዎች በፊት በአንድ ሶፍ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሲሰግዱ ነበር። አንደኛው «በቀኝህ የመጣሁት እኔ ነኝ፣ ቅድሚያ የኔ ነው!» ይላል። ሌላኛው «እኔ አደባባዩ ውስጥ ነበርኩ፣ መቆም የነበረብህ አንተ ነህ!» ይላል። ወደ ኋላ የሚል ጠፋ። ከኋላቸው ምጥ የያዛትን ሴት የጫነ ታክሲ ክላክሱን ያለማቋረጥ ያስጮሃል።

እኔን ሲያዩ «ኡስታዝ፣ አንተ ዳኘን!» አሉኝ። ምን ልበል? የኢማማችን ረዳት ነኝ እንጂ የትራፊክ ፖሊስ አይደለሁም፤ መንጃ ፈቃድም የለኝም። ነገሩን የፈቱት አንድ አዛውንት ሐጂ ናቸው። በምርኩዛቸው የአንዱን መኪና ኮፈን መታ መታ አድርገው «ልጆቼ፣ መጀመሪያ ሴትዮዋን አሳልፏት፣ ከዚያ ትከራከራላችሁ» አሉ። መንገዱ ተከፈተ። አልሐምዱሊላህ፣ ሴትዮዋም በሰላም ተገላገለች።

እኔን ግን መፍረድ አለመቻሌ ከነከነኝ፤ ሳምንቱን ሳነብ ሰነበትኩ። ያስገረመኝ ነገር ቢኖር፣ ሁለቱም ወንድሞች የጠቀሱት ሕግ በዓለም ላይ በእርግጥ ያለ ሕግ መሆኑ ነው። ሁለቱ ሕጎች እርስ በርስ የተጣሉበት ረጅም ታሪክም አላቸው። ዛሬ እሱን ላካፍላችሁ።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች፣ የሀገራችን ነው ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቅድሚያ የክብር ጉዳይ በነበረበት ዘመን

ከመኪና በፊት «መንገድ ላይ ማን ይቅደም?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የማዕረግ ጥያቄ ነበር። በ1661 የስዊድን አምባሳደር ለንደን ሲገባ፣ ከእሱ ሠረገላ ቀጥሎ የማን ሠረገላ ይሂድ በሚል የስፔንና የፈረንሳይ አምባሳደሮች ሰዎች ጎዳና ላይ ተጋደሉ። ስፔኖቹ ተዘጋጅተው ነበር የመጡት፤ የፈረሶቻቸው ማሰሪያ በሰይፍ እንዳይቆረጥ በቆዳ የተሸፈነ የብረት ሰንሰለት አድርገውበታል። ሰዎች ሞቱ፣ የፈረንሳዮቹ ፈረሶች ተገደሉ፣ የስፔን ሠረገላ ቀደመ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ግን ነገሩን አልተወውም። ስፔንን አስጨንቆ፣ በቀጣዩ ዓመት የስፔን መልእክተኛ ፓሪስ ድረስ መጥቶ ከእንግዲህ በቅድሚያ ከፈረንሳይ ጋር እንደማይፎካከሩ በይፋ እንዲናገር አደረገ።

አስቡት፣ ሰው የሞተው አንድ ሠረገላ ከሌላው በፊት እንዲያልፍ ነው። እኛስ ዘንድ ይህ አለፈ ማለት ይቻላል?

ቀኝ፦ ሰው የማይመርጥ ዳኛ

በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ መኪና ሲበዛ፣ መንገድ ላይ ሁሉ እየቆሙ «አንተ ማን ነህ? እኔ ማን ነኝ?» መባባል የማይቻል ሆነ። ምልክት በሌለበት መስቀለኛ መንገድ በቀኝህ ለሚመጣው አሳልፍ የሚለው ሕግ በፈረንሳይ፣ በጀርመንና በሌሎች የአውሮፓ ሀገራት ሥር ሰደደ። በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነትም በቀኝ ለሚነዱ ሀገራት ይህንኑ መሠረት አድርጎ አስቀመጠው።

የዚህ ሕግ ትልቁ ጥቅም ሰውን አለማየቱ ነው። የሚኒስትሩ መኪናና የዳቦ ቤቱ መኪና እኩል ናቸው፤ በቀኝ የመጣው ያልፋል። ጉድለትም አለው። ከጠባብ ቅያስ ብቅ ያለ መኪና በቀኝ ስለመጣ ብቻ ዋናውን መንገድ ያስቆማል። ለዚህ ነው ዋናውን መንገድ የሚያመለክቱና «ቅድሚያ ስጥ» የሚሉ ምልክቶች ያስፈለጉት። እኩልነቱም ቢሆን ወዲያው ሁሉንም አላዳረሰም። ብስክሌት በሞላባት ኔዘርላንድስ እንኳ፣ ምልክት በሌለበት መገናኛ ብስክሌተኛው በቀኝ ቢመጣም ለመኪና መቆም ነበረበት። ይህ የተቀየረው በ2001 ነው።

እንግሊዝ ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠች። እዚያ ምልክት በሌለበት መገናኛ ማንም ቅድሚያ የለውም፤ ሁሉም ተጠንቅቆ ይለፍ ነው የሚባለው።

አደባባዩ ለምን ተቆለፈ?

አሁን ወደ ጭቅጭቃችን እንምጣ። በ1905 ዊሊያም ፌልፕስ ኢኖ የተባለ አሜሪካዊ በኒው ዮርክ ኮሎምበስ አደባባይ መኪኖችና ሠረገላዎች በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲዞሩ አስደረገ። (ይህ የትራፊክ ሕግ አባት የሚባል ሰው ራሱ መኪና መንዳት አልተማረም ይባላል። መንጃ ፈቃድ የሌለን ሰዎች ተጽናንተናል!) በ1907 ደግሞ ዩጂን ኤናር የተባለ የፈረንሳይ አርክቴክት ሐሳብ ፓሪስ ውስጥ 12 ጎዳናዎች በሚገናኙበት የኤቷል አደባባይ ሥራ ላይ ዋለ።

ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ «ለቀኝ ቅድሚያ» የሚለው ሕግ ግን አበላሸው። ለምን? በቀኝ በሚነዳበት ሀገር አደባባይ የሚዞረው ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ስለዚህ አዲስ የሚገባ መኪና ውስጥ ላለው ሁልጊዜ በቀኙ ነው የሚመጣው። ገቢው ይቀድማል፣ ውስጥ ያለው ይቆማል። ውስጥ ያለው ሲቆም ከኋላው ያለው ወደ መውጫው መድረስ ያቅተዋል። ሌላ ይገባል፣ ሌላም ይጨመራል፣ መጨረሻ ላይ የሚንቀሳቀስ ይጠፋል። የመስጂዳችንን በር አስቡ፤ ሶላት አልቆ የሚወጣው ሰው ቆሞ የሚገባው ብቻ ይግባ ብንል ምን ይፈጠር ነበር?

መፍትሔው የመጣው ከእንግሊዝ ነው። ፍራንክ ብላክሞር የተባለ በመንግሥት የመንገድ ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረ መሐንዲስ፣ ገቢው ውስጥ ላለው ቢያሳልፍ አደባባዩ ራሱን በራሱ እንደሚያጸዳ በሙከራ አሳየ። ኅዳር 1966 ላይ ሕግ ሆነ። የተጨመረ መሬት የለም፣ የተጨመረ መብራት የለም። የተቀየረው «ማን ይጠብቅ?» የሚለው ብቻ ነው።

ፈረንሳይም በ1983 ደነገገች፣ ከ1984 ጀምሮ ምልክት በተተከለባቸው አደባባዮች ገቢው እንዲጠብቅ አደረገች። ዛሬ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ አደባባዮች አሏት። የኤቷል አደባባይ ግን እስካሁን በአሮጌው የቀኝ ሕግ ነው የሚሠራው፤ የሄደበት ሰው ትርምሱን ይነግራችኋል። በአሜሪካ ደግሞ 24 መገናኛዎች በአዲሱ ዓይነት አደባባይ ሲተኩ፣ ሰው የሚጎዳባቸው ግጭቶች በ76 በመቶ መቀነሳቸውን ተመራማሪዎች አስልተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እንግሊዞች የሚነዱት በግራ ስለሆነ አደባባያቸውን የሚዞሩት በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ነው። ስለዚህ እነሱም «ለቀኝ ቅድሚያ ስጥ» ነው የሚሉት! እዚያ በቀኝ የሚመጣው ውስጥ ያለው ነው፤ ፓሪስ ውስጥ ደግሞ በቀኝ የሚመጣው ገቢው ነው። አንድ ዓይነት ቃል አንዱ ሀገር አደባባይ ከፈተ፣ ሌላው ሀገር ዘጋ። ሕግን በቃሉ ብቻ ይዞ ዓላማውን የረሳ ሰው የሚሳሳተው እንዲህ ነው። ፊቅህ የቀሩ ወንድሞች ይህን በደንብ ይረዱታል።

ወደ ሰፈራችን ስንመለስ

ሀገራችንም በአንድ ወቅት በግራ ነበር የምትነዳው። ወደ ቀኝ የተዛወረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. (በሀገራችን አቆጣጠር) ነው። ዛሬ በማሠልጠኛዎች የሚሰጠው ትምህርት ሁለቱንም ሕጎች የያዘ ነው። ምልክት፣ መብራት ወይም ትራፊክ ፖሊስ በሌለበት መስቀለኛ መንገድ በቀኝህ ለሚመጣው ታሳልፋለህ። አደባባይ ላይ ግን ወደ ውስጥ ከመግባትህ በፊት በግራህ በኩል እየዞረ ለሚመጣው ታሳልፋለህ። የባሕረ ሰላጤው ሀገራትም «ዱዋር» በሚሉት አደባባይ ላይ እንዲሁ ናቸው፤ እዚያ የነዱ ወንድሞች ያውቁታል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በአራቱም ጎን የ«ስቶፕ» ምልክት ያለበትን መገናኛ ታውቃላችሁ፤ ቀድሞ ደርሶ የቆመ ቀድሞ ያልፋል፣ እኩል ከደረሱ በቀኝ ያለው ይቀድማል።

ስለዚህ ፍርዱ ግልጽ ነው። «አደባባዩ ውስጥ ነበርኩ» ያለው ወንድማችን ሕጉ ከእሱ ጋር ነበር። «በቀኝህ ነኝ» ያለው ደግሞ የመስቀለኛ መንገዱን ሕግ አደባባይ ላይ አመጣው። አልዋሸም፤ ቦታውን ነው የሳተው።

መስጠት እንጂ መውሰድ አይደለም

ታሪኩ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። በ1950 ክሊንተን ሪግስ የተባለ የአሜሪካ ፖሊስ በኦክላሆማዋ ተልሳ ከተማ የመጀመሪያውን የ«ቅድሚያ ስጥ» ምልክት አስተከለ። ምልክቱ የሚያዝዘው ምን እንደሆነ አስተውሉ፤ «ስጥ» ነው የሚለው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ለመንጃ ፈቃድ የሚጠናው መጽሐፍም፣ ሕግ ማን ማሳለፍ እንዳለበት ይናገራል እንጂ ለማንም በግድ የማለፍ መብት አይሰጥም ብሎ ያስተምራል። ሌላው ጥፋተኛ ቢሆንም እንኳ ግጭትን ማስወገድ ከቻልክ ማስወገድ አለብህ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሀዲስ ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) በእንስሳ የተቀመጠ በእግሩ ለሚሄደው፣ የሚሄደው ለተቀመጠው፣ ጥቂቶች ለብዙዎች ሰላምታ እንዲያቀርቡ አስተምረዋል። ዑለማዎች ሲያብራሩ፣ ጋላቢው እንዲጀምር የተደረገው ከፍ ብሎ በመቀመጡ እንዳይኮራ ነው ይላሉ። ዛሬ ጋላቢው ማን ነው? መሪ የጨበጠው ነው። እግረኛው ደግሞ ዜብራው ላይ ቆሞ ዓይናችንን የሚያየው ነው።

በመሰናበቻው ሐጅም ከዐረፋ ሲመለሱ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከኋላቸው ግመሎች በኃይል ሲነዱና ሲመቱ፣ ጩኸት ሲበዛ ሰሙ። በጅራፋቸው እያመለከቱ ሰዎቹን ተረጋጉ አሏቸው፤ መልካም ሥራ በመጣደፍ እንዳልሆነም ነገሯቸው። ሱብሃነላህ! ወደ ዒባዳ የሚሄድን ሰው እንኳ እንዲህ ካሉ፣ ከሶላት ወጥቶ ወደ ምሳ የሚሄደውን ምን ይሉት ነበር?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከግማሽ በላዩ እግረኛ፣ ብስክሌተኛና ሞተረኛ ነው። ይህ ሁሉ ሰው ሕግ ስላልነበረ አይደለም የሚሞተው።

ትናንት ያ አደባባዩ ውስጥ የነበረው ወንድም አግኝቶኝ «ኡስታዝ፣ አነበብክ አሉ፤ ልክ ነበርኩ አይደል?» አለኝ። «አዎ ወንድሜ፣ ልክ ነበርክ» አልኩት። «ግን ያቺ ሴት ከኋላችሁ ነበረች።» ዝም አለ። ከዚያ «በሚቀጥለው ጁሙዐ መኪናዬን ራቅ አድርጌ አቆማለሁ» አለኝ።

እኛም ከነገ ጀምሮ ሁለት ነገር እንያዝ፦ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀኝን፣ አደባባይ ላይ ውስጥ ያለውን እናሳልፍ። ሌላው ሕጉን ቢስት ደግሞ ሐቃችን ቢሆንም እንተውለት። አላህ ወጥተን በሰላም ከሚመለሱት ያድርገን፣ በመንገድ ላይ የሞቱብንን ይማርልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።