የአይጥ መርዝና የአያቶቻችን ልብ

ነገሩ የተጀመረው በላሞች ነው። በ1920ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን አሜሪካ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልቆም እያለ ያልቁ ጀመር። የዊስኮንሲኑ ኬሚስት ካርል ሊንክና ባልደረቦቹ ጥፋተኛውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡት። የእሱ ዘመድ የሆነው ዋርፋሪን በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ገበያ ወጣ፤ በ1954 ለሰው ተፈቀደ። በ1955 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን ሲታመሙ ይኸው መድኃኒት ታዘዘላቸው። አይጥ ገዳዩ ፕሬዚዳንት አካሚ ሆነ ማለት ነው!

"ደም ማቅጠኛ" እንለዋለን እንጂ ደሙን እንደ ወጥ አያቀጥነውም፤ እንዳይረጋ ነው የሚያደርገው። ችግሩ፣ ቁስልን የሚደፍነውም ያው የረጋ ደም መሆኑ ነው።

በ1977 አንድሪያስ ግሩንትዚግ ዙሪክ ውስጥ የአንድ የ38 ዓመት ሰው የጠበበ የልብ ደም ቧንቧ በትንሽ ፊኛ ከፈተ። በ1986 ደግሞ ቧንቧው ተመልሶ እንዳይዘጋ ስቴንት የሚባል የብረት መደገፊያ መጣ። ደም ግን ባዕድ ብረት ላይ ይረጋል። ሐኪሞች ይህን ፈርተው አስፕሪን፣ ሄፓሪንና ዋርፋሪን ደራርበው ይሰጡ ነበር። በሽተኛው ይደማል፤ እንዲያም ሆኖ አንዳንዱ ስቴንት ይደፈናል።

መላው የመጣው ዒላማውን በመቀየር ነው። በ1996 የታተመ የጀርመን ሐኪሞች ጥናት 517 ታካሚዎችን አወዳደረ። የዋርፋሪንን ወገን መድኃኒት ትቶ፣ ፕሌትሌት የሚባሉት የደም ክፍሎች እንዳይጣበቁ የሚያደርጉትን አስፕሪንና ቲክሎፒዲን አብሮ መስጠት መርጋቱንም መድማቱንም ቀነሰ።

ታዲያ ጠንካራ መድኃኒት ሁሉ የተሻለ ነው? በ2007 የወጣ ትልቅ ጥናት ለዚህ መልስ አለው። ፕራሱግሬል የተባለው መድኃኒት ከቀዳሚው ከክሎፒዶግሬል ይልቅ የልብ ድካምን ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ጥቃትን በደንብ ይከላከላል፤ ዕድሜያቸው 75 በደረሰ ሰዎች ላይ ግን ጥቅሙን መድማቱ በላው። ኩላሊት ሲደክም፣ የደም ሥር ሲሳሳ፣ የሚዋጠው ክኒን ሲበዛ፣ መርጋትም መድማትም አብረው ይቀርባሉ።

ስለዚህ ስቴንት የገባላቸው አያት ካሏችሁ ሁለት ነገር ያዙ። "ተሽሎኛል" ብለው መድኃኒቱን በራሳቸው እንዳያቋርጡ፤ ስቴንቱ በድንገት ሊደፈን ይችላል። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ደግሞ ነገ አትበሉ፤ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው።