ቁጥር 26ን ፍለጋ



ቀን ጥሩ ሆኖ ይጀምራል። ሰማዩ ጠርቷል፣ ቡናው ደርሷል፣ ሰውነትም ቀለል ብሎታል። ከዚያ አንዲት ትንሽ ነገር ትመጣለች። የጫማ ማሰሪያ ይበጠሳል። ታክሲው ሞልቶ ያልፋል። ለጉዳይ የሄድንበት መሥሪያ ቤት «አንድ ፎቶ ኮፒ ይጎድላል፣ ነገ ይመለሱ» ይለናል። ነገሯ ትንሽ ናት፤ ግን እስከ ማታ አትለቀንም። ለጎረቤት እንነግራታለን፣ ለባልደረባ እንነግራታለን፣ እራት ላይ ደግሞ እንደገና እናነሳታለን። የቀረው ቀን ምንም አልሆነም ነበር። ያበላሸነው እኛው ነን።

የዛሬው ወጌ ስለዚች ትንሽ ነገር ነው። ባለታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ አበበ ቢቂላ ነው። የሮም ኦሊምፒክ ማራቶን ታሪኩም ከሕፃን እስከ ሽማግሌ በሁሉ አፍ አለ። ሆኖም ታሪኩ ሲነገር ባዶ እግሩ ላይ ይቆምና አንድ ትልቅ ነገር ይዘለላል። እኔ የምወደው ያን የሚዘለለውን ነው። እዚያ ለመድረስ ግን በጫማው በኩል ማለፍ አለብን።

ዕለቱ ቅዳሜ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960። አገር ቤት የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ችቦ ታስሯል፣ ሲመሽ በየደጁ ይለኮሳል። በሮም ደግሞ 69 ሯጮች ካምፒዶልዮ በሚባለው ኮረብታ ላይ ተሰልፈዋል። ማራቶኑ በሙቀቱ ምክንያት ወደ አመሻሹ ተዛውሯል። ጀምሮ የሚያልቀው ሲጨልም ስለሆነ፣ ጥንታዊው የአፒያ መንገድ ላይ የጣልያን ወታደሮች ችቦ ይዘው ግራና ቀኝ ቆመዋል። እዚህም ችቦ፣ እዚያም ችቦ። በዚያ ሰልፍ መካከል ደረቱ ላይ 11 ቁጥር የለጠፈ ቀጭን የክብር ዘበኛ ወታደር አለ። እግሩ ባዶ ነው።

ጫማ ስለሌለው አይደለም። ስለ ጫማው የሚወራው ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ የቀረበለት ጫማ ልኩ አልነበረም ይላል፤ ሌላው አዲስ ጫማ ሞክሮ እግሩ ውኃ ቋጠረ ይላል። ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ጫማው አልተመቸውም። አዲስ ጫማ ለሠርግ የገዛ ሰው ይህን ያውቀዋል። ለሠርግ ሲሆን ጠረጴዛ ሥር ማውለቅ ይቻላል። ማራቶን ግን ከ42 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እግር ብዙ ሺህ ጊዜ መሬት ይመታል። በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ተረከዝን የሚከረክር ስፌት በሠላሳኛው ላይ ቢላዋ ይሆናል።

አሁን ልብ በሉ። ይህ ሰው ስንት አገር ተሻግሮ የመጣው ለዚህ ቀን ነው። በዚህ ቀን ጫማ ሲያስቸግረው አንድ ሰው ሊያደርግ የሚችለው ብዙ ነው። ቢናደድ ያምርበታል፤ ሌላ ጫማ ፍለጋ ከተማውን ሲያካልል ቢውል ማንም አይፈርድበትም፤ እንደምንም ችሎ ቢሮጥበትም ጀግና ይባላል። አበበ ግን በልምምድ ጊዜ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ኖሯል። እግሩ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ጫማውን አስቀመጠውና በሚያውቀው እግር ወጣ። የሚበልጠው ጉዳይ ከፊቱ ነበርና።

አሁን ወደተዘለለው ነገር ደረስን።

አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበር። ኒስካነን ተቀናቃኞቹን አጥንቶ ለአበበ አንድ ሰው ለይቶ ነግሮታል፤ የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም። ቁጥሩ 26 ነው፤ እሱን እንዳትለቀው፣ ዓይንህን ከእሱ ላይ አታንሳ የሚል ነው ምክሩ። ጥሩ ምክር ነው። እቅዱ አማረ ማለት ነው።

ራዲ ግን 26ን አልለበሰም። ለማራቶን የተዘጋጀውን ቁጥር ሳይወስድ ቀረና ቀደም ብሎ ለመም ላይ ውድድር የተሰጠውን 185 ለብሶ ተሰለፈ። ሰውየው ያው ነው፣ ቁጥሩ ሌላ ነው። ይህን ለአበበ የነገረው የለም።

ሩጫው ተጀመረ። አበበ አንዱን ሯጭ ያልፍና ጀርባና ደረቱን ያያል፤ 26 የለም። ሌላውን ያልፋል፤ 26 የለም። እንዲህ እያለ ከፊት ያሉትን እየለቀመ ወደ 20 ኪሎ ሜትሩ ግድም ሲደርስ ከቡድኑ ተነጥለው ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ቀሩ። አንዱ እሱ ነው። ሌላው 185 የለበሰው ሰው ነው። አበበ አሁንም ወደፊት እያየ 26ን ይፈልጋል። የሚፈልገው ሰው ክንዱ ሥር ነው፤ ትንፋሹ ይሰማዋል፤ እግራቸው እኩል ይነሳል፣ እኩል ይወድቃል። ድንጋይ በተነጠፈው የአፒያ መንገድ ላይ፣ በወታደሮቹ ችቦ መካከል፣ አበበ አጠገቡ ያለውን ሰው ከፊቱ ጨለማ ውስጥ እየፈለገ ሮጠ።

ወገኖቼ፣ ይህን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። የያዘው መረጃ ስህተት ነው። እቅዱ ከመነሻው ፈርሷል። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው፣ 26 አምልጦኛል ብሎ በድንጋጤ ያለ አቅሙ መፍጠንና በ30ኛው ኪሎ ሜትር መውደቅ ነው። ሁለተኛው፣ እቅዱ ስለተበላሸ ሁሉም ተበላሽቷል ብሎ ልቡን መጣል ነው። አበበ ሁለቱንም አላደረገም። ሰውየውን እየፈለገ የራሱን እርምጃ ጠበቀ። ቁጥሩ ጠፋ እንጂ መንገዱ አልጠፋም፤ ርቀቱም ያው ነው፣ ፍጥነቱንም እግሩ ያውቀዋል።

ደግሞ ከእቅዱ ያልፈረሰ አንድ ነገር ነበር። አበበና ኒስካነን መንገዱን አስቀድመው ሲቃኙ አንድ ምልክት ይዘው ነበር፤ የአክሱም ሐውልት። ፋሺስቶች በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም ወስደውት ሮም መሀል፣ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ ተክለውት ነበር። ሩጫው ወደ ማብቂያው ሲቃረብ በዚያ በኩል ያልፋል። የመጨረሻው ግፊት ከዚያ አካባቢ እንዲሆን ተስማምተዋል። ሐውልቱ እንደ ደረት ቁጥር አይለወጥም። አበበ እዚያ ሲደርስ 26ን መፈለጉን ተወውና ተፈተለከ። 185 ቁጥር ወደኋላ ቀረ። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ሲገባ ሰዓቱ 2:15:16.2 ይል ነበር። ራዲ ከ25 ሰከንድ በኋላ ተከትሎት ገባ። ሐውልቱ ግን ወደ አክሱም የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዚያ በፊት በዓለም ከተመዘገበው ሁሉ ፈጣኑ የማራቶን ሰዓት የሶቪየቱ ሰርጌይ ፖፖቭ ከሁለት ዓመት በፊት ስቶክሆልም ላይ የሮጠው 2:15:17 ነበር። አበበ ያሻሻለው አንድ ሰከንድ እንኳ በማይሞላ ልዩነት ነው። ስለ ጫማው ወይም ስለ ቁጥሩ ለአንድ ሰከንድ ቆሞ ቢብሰለሰል ኖሮ ወርቁ ምናልባት አያመልጠውም ነበር፤ ያ ክብረ ወሰን ግን የእሱ አይሆንም ነበር።

እንግዲህ አንዳንዱ ሰው ከዚህ ተነስቶ «ባዶ እግር ነው ምስጢሩ» ይላል። አይደለም። በዓመቱ አበበ ኦሳካ ላይ ሲሮጥ ጃፓናዊው ጫማ ሠሪ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ አግባብቶት በጫማ ሮጠና አሸነፈ። በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት 11 ቀን በቶኪዮ ኦሊምፒክም ጫማና ነጭ ካልሲ አድርጎ ነው የወጣው። ሮም ላይ ዝናውን የሠራለትን ባዶ እግር ሙጥኝ አላለም። ጫማው ሲመች ተጫማ፣ ሳይመች አወለቀ። እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ይህ ነው። ብዙዎቻችን አንድ ቀን ያዋጣንን መንገድ ሃይማኖት እናደርገዋለን፤ ሌላ ቀን መንገዱ ሲዘጋ ቆመን እንቀራለን።

ለቶኪዮው ውድድር ሲዘጋጅም ትርፍ አንጀቱ ታምሞ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ነው ሮጦ 2:12:11.2 በሆነ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን ያሸነፈው። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ሲገባ፣ አበበ ሣሩ ላይ በጀርባው ተኝቶ እግሩን እያነሳ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር።

ሠፈራችን ውስጥ ይህን ጥበብ ከአበበ ሳይማሩ የሚኖሩበት እናቶች አሉ። ማንም ሳይጽፍላቸው ስለሚቀር እዚህ ላንሳቸው። አብሲቱ ተጥሏል፣ ሊጡ ኩፍ ብሏል፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ግሏል፣ ሦስተኛው እንጀራ ላይ መብራት ድርግም ይላል። ሊጥ መብራት ኃይልን አይጠብቅም፤ ካደረ ይኮመጥጣል። እንግዲህ አንዷ ስልኳን ይዛ መብራቱ መቼ እንደሚመጣ ስትጠይቅና ስታማርር ትውላለች። ሌላዋ ጓሮ ያስቀመጠችውን የሸክላ ምጣድ አውጥታ ሦስት ጉልቻ ላይ ትጥደዋለች፤ ማገዶ ከሌላት ሊጡን ይዛ ጎረቤት ትሄዳለች፤ ሁለቱም ካልሆነ ለምሳ ገንፎ ታገነፋና ሊጡን ለማታ ታቆየዋለች። ቤተሰቡ ይበላል። የዚች ሴት እቅድ እንጀራ መጋገር ይመስላል፤ ሥር ያለው ሐሳቧ ግን ቤቷ እንዳይራብ ነው። የትኛውን ለድርድር እንደምታቀርብና የትኛውን አጥብቃ እንደምትይዝ ስለምታውቅ ቀኗ አይበላሽባትም።

አንድ ሌላ ውድድር ላንሳና ላብቃ። ነሐሴ 28 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ የሙኒክ ኦሊምፒክ፣ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ነው። የእኛው ምሩፅ ይፍጠር አለበት። ሩጫው ግማሽ ላይ ሊደርስ ሲል የፊንላንዱ ፖሊስ ላሴ ቪሬን ተደናቅፎ መሙ ላይ ተዘረረ። ከኋላው የነበረው የቱኒዚያው መሐመድ ጋሙዲ እሱ ላይ ወደቀ። ቪሬን ወዲያው ብድግ አለ። ሩጫውን ቀጠለና ከቡድኑ ጋር ተቀላቀለ። በመጨረሻ 27:38.4 በሆነ ሰዓት አሸነፈ፤ የሮን ክላርክን የዓለም ክብረ ወሰን በአንድ ሰከንድ አሻሻለው። ምሩፅ ሦስተኛ ወጥቶ ነሐስ አገኘ።

ጋሙዲም ተነስቶ ነበር፤ ግን ጥቂት ሮጦ ውድድሩን አቋረጠ። እሱን በዚህ የሚወቅሰው ሰው ካለ እኔ አልስማማም። ሰው ከወደቀበት ሁልጊዜ በዚያው ሩጫ መነሳት የለበትም። ያ ቀን አልሆነለትም፤ ጋሙዲም ለቀጣዩ ራሱን አቆየ። ከአንድ ሳምንት በኋላ በዚያው ስታዲየም በ5,000 ሜትር ከቪሬን ቀጥሎ ገብቶ የብር ሜዳሊያ ወሰደ።

እንግዲህ አደራ የምላችሁ አንድ ነገር አለኝ። የሮምን ታሪክ ለልጆቻችሁ ስትነግሩ ባዶ እግሩ ላይ አታቁሙት። ቁጥሩንም ንገሯቸው። አበበ ቢቂላ የማይገኝ 26 ቁጥርን እየፈለገ፣ የሚፈልገው ሰው ጎኑ እየሮጠ፣ እርምጃውን ሳያዛባ ሐውልቱ ዘንድ እንደደረሰ ንገሯቸው። ልጅ ጫማ መግዛት ባይችል በባዶ እግሩ ይሮጣል፤ የተነገረው ቁጥር ሲጠፋበት ምን እንደሚያደርግ ግን ካልተነገረው አያውቅም።