ከሎጅ እስከ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፦ የጥቁር አሜሪካውያን ማኅበራት ቅኝት

የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ሊፈነዳ ሳምንታት ሲቀሩት፣ እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 1775፣ ፕሪንስ ሆል የተባለ የቦስተን ቆዳ ሠራተኛና 14 ጥቁር ባልንጀሮቹ በአንድ የእንግሊዝ ክፍለ ጦር ውስጥ በነበረ የአየርላንድ ሎጅ (የማኅበር ቅርንጫፍ) ፍሪሜሰን፣ ማለትም የምሥጢራዊ ወንድማማች ማኅበር አባል፣ ሆኑ። ነጮቹ አሜሪካውያን ሜሰኖች ግን በእኩልነት አልተቀበሏቸውም። ስለዚህ ለራሳቸው ሎጅ ፈቃድ ከለንደን ጠየቁ፤ በ1784 ተፈቀደ፤ ሰነዱ እጃቸው የገባው በ1787 ነው። ሆል ከዚያ በፊት፣ በ1777፣ ባርነት እንዲቀር ለማሳቹሴትስ ምክር ቤት በቀረበው አቤቱታ ላይ ፈርሞ ነበር። ማኅበሩ ገና ከጅምሩ የምሥጢር ሥርዓት ብቻ አልነበረም።

ሰነዱ በደረሰበት ዓመት ሪቻርድ አለንና አብሳሎም ጆንስ ፊላደልፊያ ላይ ነጻ የአፍሪካ ማኅበርን መሠረቱ። አሠራሩ እድራችንን ይመስላል፦ አባሉ በየወሩ አንድ ሺሊንግ ያዋጣል፣ ሲቸገር ይደገፋል፣ ሲሞትም ሚስቱና ልጆቹ ሜዳ ላይ አይወድቁም።

ይህ መዋጮ የት ሊደርስ እንደሚችል ያሳየችው የልብስ አጣቢ ልጅ የሆነችው ማጊ ሌና ዎከር ናት። በ1899 የቅዱስ ሉቃስ ማኅበር የተባለውን የጥቁሮች መረዳጃ ማኅበር መሪነት ስትረከብ ካዝናው ውስጥ የነበረው 31 ዶላር ከ61 ሳንቲም ነው። በ1903 በሪችመንድ የማኅበሩን ባንክ ከፈተች። በመክፈቻው ዕለት 31 ሳንቲም ብቻ ይዞ የመጣ ሰው እንኳ ሒሳብ ተከፍቶለታል። ከዩኒቨርሲቲዎቹ ማኅበራት ዝና በፊት ይህች ሴት ልትነሣ ይገባታል ብዬ አምናለሁ።

በግሪክ ፊደላት የሚጠሩት የተማሪ ማኅበራት ተከተሉ። በ1906 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብቸኝነት ያስመረራቸው ሰባት ወጣቶች አልፋ ፋይ አልፋን አቋቋሙ። በ1908 በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሴቶቹ አልፋ ካፓ አልፋ ተወለደ። በ1913 ጥር ወር በዚያው ግቢ ዴልታ ሲግማ ቴታን የመሠረቱ 22 ሴቶች፣ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ዋሽንግተን ላይ ለሴቶች የመምረጥ መብት ተሰለፉ። የእነዚህ ማኅበራት አባልነት በምረቃ አያበቃም፤ ዕድሜ ልክ ነው። አዲስ ገቢዎችን በድብደባ የመፈተን ልማድ ግን ወጣቶችን ለሞት ዳርጓል፤ ይህን በወንድማማችነት ስም ማለባበስ አይገባም።

የማኅበራቱ በጎ ሥራ ጎልቶ የታየው ሚሲሲፒ ላይ ነው። በ1935 የአልፋ ካፓ አልፋ ሴቶች በዶክተር ዶሮቲ ፌሪቢ መሪነት የድሃ ገበሬ ልጆችን ሊከትቡ ወረዱ። ባለርስቶቹ ጭሰኞቻቸው ወደ ክሊኒክ እንዳይሄዱ ሲከለክሉ፣ ሴቶቹ መድኃኒቱን በየመኪናቸው ጭነው እርሻው ድረስ ገቡ። በ1942 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያመጣው የቤንዚን ራሽን እስኪያስቆማቸው ድረስ በየበጋው ተመላልሰዋል።