የማይለቅ ትኩሳት

ስሙኝማ! ከሞያሌ ወጣ ብላ፣ በኬንያ በኩል፣ ቦሪ የምትባል መንደር አለች። አገሩ ቆላ ነው፤ ግመል፣ ፍየል፣ ግራር፣ ኩይሳ። ኩይሳውን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ አንድ እረኛ ልጅ አለ እንበል። ያተኩሰዋል። እናቱ «ወባ ነው» ትላለች፤ ማን ይፈርድባታል? ኪኒኑን ይውጣል፤ ትኩሳቱ ግን ሄዶ ይመለሳል። ሁለት ሳምንት አለፈ። ልጁ ገረጣ፣ ከሳ፣ ይነስረው ጀመር፤ በግራ ጎኑ ጣፊያው አብጦ በእጅ ይዳሰሳል።

እንዲህ ያለው ነገር በአማራ ክልል፣ በሊቦ ከምከም፣ በ1997 ዓ.ም. ደርሷል። መጀመሪያ ወባ ነው ተባለ፤ ለመድኃኒት አልበገር ያለ ወባ። ሰው እያለቀ ቆይቶ ካላ አዛር የሚባለው የጥገኛ ተሕዋስ በሽታ መሆኑ ታወቀ። በሞያሌ ቆላም በሽታው እንግዳ አይደለም፤ አስተላላፊዋ የአሸዋ ዝንብ በኩይሳው ስንጥቅ ትኖራለች። አሁን ገባችሁ?

ታዲያ የደም ካንሰርም ይህንኑ መልክ ይዞ ይመጣል። ያልበሰሉ ነጭ የደም ሴሎች መቅኒውን ይሞሉታል፤ ለጤነኞቹ ሴሎች ቦታ ያሳጣሉ። ቀዩ ሲያንስ ልጁ ይገረጣል፤ ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ሲያንስ ይደማል፤ የሚከላከለው ነጭ ሲጠፋ ያገኘው ተሕዋስ ሁሉ ያተኩሰዋል። ካላ አዛርም ሦስቱንም ያሳንሳል። በዓይን ማን ይለያቸዋል? ማንም አይለያቸውም!

የሚለያቸው ምርመራ ነው። ሲቢሲ የሚባለው የደም ቆጠራ መንገዱን ያሳያል፤ ከጣት በሚወሰድ የደም ጠብታ የሚሠራ የካላ አዛር ፈጣን ምርመራም አለ። ካልለየ መርፌ ወደ መቅኒ ይገባል፤ በማይክሮስኮፕ ሥር የካላ አዛሩ ጥገኛ ወይም የካንሰሩ ሴል ይታያል። ጥገኛው ከሆነ የ17 ቀን መርፌ ነው፤ አብዛኛው ሰው ይድናል፤ ያልታከመ ግን ይሞታል። ካንሰር ከሆነ የዓመታት ሕክምና፣ መንገዱም ሩቅ ነው፤ ከሞያሌ ወደ አዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ሂዱ ወደ ናይሮቢም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

አንድ ነገር ያናድደኛል። ምርመራው ሳይሠራ «ትኩሳቱ ይውረድለት» ብሎ የስቴሮይድ መርፌ መውጋት። ትኩሳቱ ለጊዜው ይወርዳል፤ ካንሰሩም አብሮ ይደበቃል፤ ሐኪሙ ዘንድ ሲደርስ ናሙናው ያታልላል። አታስወጉ።

ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት የጀመረ ልጅ ያላችሁ ደግሞ ቴርሞሜትር ከቤት አይጥፋ። 38 ዲግሪ ላይ ከደረሰ «ነገ ይሻለዋል» አይባልም፤ ነጭ ሴሉ ካለቀ ኢንፌክሽኑ በሰዓታት ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ሆስፒታል በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ በደም ሥሩ መጀመር አለበት። ማታም ቢሆን ተነሡ።

የወባውን መድኃኒት ጨርሶ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ያለፈው፣ ንፍፊቱ ያበጠ፣ ሌሊት ልብሱ በላብ የሚረጥብ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ሌላ ኪኒን አትግዙለት። ጤና ጣቢያ ውሰዱትና «ሲቢሲ ይሠራልን፣ ካላ አዛርም ይታይልን» በሉ።