ዳሱና አዳራሹ፦ የሠርግ ዕዳችን ከየት መጣ?

የሠርግ ወራት በደረሰ ቁጥር ወደ እኛ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ያለብንን ዕዳ ሳንጨርስ እንዴት እንደግሳለን? ካልደገስንስ ዘመድ ምን ይለናል?» የሚል ነው። «ወጣቶቻችን ገንዘብ አያያዝ አያውቁም» ብለን ብናልፈው እንሳሳታለን። ነገሩ ታሪክ አለውና ከሥሩ ብንመለከተው ይሻላል።

በጎንደር፣ በሰሜንና በትግራይ መንደሮቻችን ሠርግ ትንሽ ነገር አልነበረም። ሽማግሌዎች ዘር እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጥራሉ፤ ወላጆች ስለ ማጫው ይነጋገራሉ፤ ቄሱ ነጩንና ቀዩን ክር በሙሽራው ግንባር ላይ ያስራሉ፤ ድግሱም ቀናት ይፈጃል። ይሁንና አብዛኞቹ ቤተሰቦች ባለጠጎች አልነበሩም። እ.ኤ.አ. እስከ 1975ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ብዙው የቤተ እስራኤል ገበሬ በሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነበር፤ ኑሮውንም በቀጥቃጭነት፣ በሽመናና በሸክላ ሥራ ይደጉም ነበር። ታዲያ ይህ ድሃ ገበሬ ልጁን እንዴት ይድር ነበር?

መልሱ ያለው ዳሱ ውስጥ ነው። እንጨቱን ቆርጠው ዳሱን የሚጥሉት የመንደሩ ጎረምሶች ነበሩ። ሴቶቹ ይፈጫሉ፣ ጠላ ይጠምቃሉ፣ እንጀራ ይጋግራሉ። ጎረቤትም እህሉን ይዞ ይመጣል። ሠርጉ የሚውለው ከመከር በኋላ፣ ጎተራ ሲሞላ ነው። ዛሬ ያመጣ ሰው ነገ እሱ ሲድር ይመለስለታል። ይህም ብድር ነበር፤ ነገር ግን ወለድ አልነበረውም፣ የሚከፈልበትም ቀን የአበዳሪው ልጅ ሠርግ ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ይህን ነው። በሬውን ሸጦ የደገሰ አልነበረም አንልም፤ ግን ሥርዓቱ የተሠራው አንድ ቤት ብቻውን እንዳይሸከም ነበር።

ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ወደ እስራኤል ሲገቡ መንደሮቹ ተበተኑ። አጎት ሰሜን፣ አክስት ደቡብ ሰፈሩ። ዳሱ እዚያው ቀረ፤ የእንግዳው ብዛት ግን አብሮን መጣ። ሌላም ምክንያት አለ። በ1985 ራባኑት ከጋብቻ በፊት ጥቢላ እንድንፈጽም በመጠየቁ ወገኖቻችን በኢየሩሳሌም በዋናው ራባኑት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃውመዋል። አይሁድነታችን በተጠረጠረበት አገር ደማቅ ሠርግ ለብዙ ወላጆች የክብር ማሳያ ሆነ። ስለዚህ «ለምን ትደግሳላችሁ?» ብሎ መቆጣት ቁስል መንካት ነው።

ሆኖም አዳራሹ እንደ ዳሱ አይደለም። ሒሳቡ በሰው ቁጥር ነው። ለምሳሌ የአንድ እንግዳ ምግብ 200 ሼቄል ቢሆን 400 እንግዳ 80,000 ሼቄል ይሆናል። በውሉ የተጻፈው ትንሹ የእንግዳ ቁጥር ባይሞላም ይከፈላል። ገንዘቡ ከባንክ በወለድ፣ በዘመድ ዋስነት ይመጣል። እምቢ ማለት ነውር ስለሆነባቸው ለእህታቸው ልጅ የፈረሙ አጎት፣ እሱ መክፈል ሲያቅተው ዕዳው በሆጻአ ላፖአል በኩል ከደመወዛቸው ሲቆረጥ አይተናል። ቀን የተጻፈባቸው ቼኮችም አደጋ አላቸው፤ በዓመት ውስጥ አሥር ቼክ ያለ ስንቅ ከተመለሰ ሒሳቡ ይታገዳል። በፖስታ የሚሰጠው ስጦታ ይሸፍነዋል ብሎ መተማመንም አይበጅም፤ እሱም ተጽፎ የሚመለስ ብድር ነው።

ይህ ችግር በእኛ አልተጀመረም። በሚሽና እንደተጻፈ የኢየሩሳሌም ልጃገረዶች ለመተጫጨት ሲወጡ ሁሉም የተዋሱትን ነጭ ልብስ ይለብሱ ነበር፤ የሌላት እንዳታፍር። በታልሙድም የቀብር ወጪ ከሐዘኑ ይልቅ ቤተሰብን ስላስጨነቀ፣ ታላቁ ረባን ገምሊኤል በተራ የተልባ እግር ልብስ እንዲቀበሩ አደረጉ፤ ሕዝቡም ተከተላቸው። ወጪው የቀነሰው ድሃው ስለተመከረ ሳይሆን ትልቁ ሰው ስለጀመረ ነው።

እንግዲህ ለሚጋቡ ልጆቻችን የምንመክረው ይህን ነው። ከአዳራሹ በፊት ያለባችሁን ዕዳ ሁሉ ከነወለዱ በወረቀት ጻፉ፤ ወለዱ የከበደውን አስቀድማችሁ ክፈሉ። በእጅ ካለው ገንዘብ ተነሥታችሁ የእንግዳውን ቁጥር ወስኑ እንጂ ከእንግዳው ቁጥር ተነሥታችሁ አትበደሩ። ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ ድግስ ይደግሱ። ካሽሩት ያላቸው አዳራሾች ብዙውን ጊዜ ከውጭ የበሰለ ምግብ ስለማያስገቡ፣ ዘመድ እንጀራና ወጥ አብስሎ እንዲያግዝ ከፈለጋችሁ የማትናስ አዳራሽ ወይም ግቢ ጠይቁ። ቬሎ ተዋሱ። ዕቁብ መልካም ነው፤ ግን ቀድሞ የደረሰ ዕጣም ዕዳ መሆኑን አትርሱ። ብድር የግድ ከሆነም ወለድ የማይጠይቀውን ገማህ አስቀድሙ።

ለወላጆች፣ ለሽማግሌዎችና ለተከበሩ ቄሶቻችን ደግሞ ልመና አለን። ሙሽሮች ብቻቸውን ይህን ማድረግ አይችሉም፤ «ሳይጠሩን ቀሩ» የሚለውን ወቀሳ የሚፈሩት ከእኛ ነውና። ከመካከላችን አቅም ያለው ሰው ልጁን በትንሽ ድግስ ቢድርና ያልተጠራውም ቅር ሳይለው ቢመርቅ፣ ዳሱን መልሰን ተከልነው ማለት ነው።