የሚያዝያ በረዶ፦ ከስሜን ተራራ እስከ ሰንበቴ ገበያ

ሰንበቴ ቆላ ናት። ብዙዎቻችን በረዶን የምናውቀው በስልክ በምናየው ቪዲዮ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ሲጥል ልጆች በሳህን ያፍሱታል፣ ወጣቱ ፎቶ ያነሳዋል። ከራሳችን በላይ በጣርማ በርና በመንዝ ደጋ ግን ያው በረዶ በአንድ ከሰዓት የአንድን ቤተሰብ ዓመት ይዞ ይሄዳል።

ከስሙ እንጀምር። ዐረብኛ እንደ ጠጠር የሚወርደውን «በረድ»፣ እንደ ባዘቶ ረግፎ የሚከመረውን «ሠልጅ» ብሎ ይለያቸዋል። በሱረቱ አን-ኑር የተጠቀሰው በረድ ነው። ግእዝም «በረድ» ይላል፤ ሥሩ አንድ ነው። አማርኛችን ሁለቱንም፣ የፍሪጁንም ጨምሮ፣ በረዶ ብሎ ጠቅልሏቸዋል።

ሠልጁ የተጻፈ ታሪክ አለው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ካሌብ ወደ የመን ሊዘምት ሲሰናዳ፣ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ ላይ ከቆመ ዙፋን አንድ የግሪክኛ ጽሑፍ ገለበጠ። ጽሑፉ ከእሱ ዘመን ብዙ የቀደመ የአንድ የአክሱም ንጉሥ ነው። ንጉሡ የስሜንን ሰዎች መውጋቱን ሲተርክ፣ ተራራው ዓመቱን ሙሉ በረዶ እንደማያጣና ሰው እስከ ጉልበቱ እንደሚሰምጥበት ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1770 በዚያ ያለፈው ጄምስ ብሩስ በረዶ የሚባል የለም ብሎ ካደ፤ ከእሱ በኋላ የመጣው ሄንሪ ሶልት ግን የስሜንን ራሶች ነጭ ለብሰው አይቶ አስተባበለው። አውሮፓውያኑ እንዲህ ሲከራከሩ የስሜንን ገበሬ የጠየቀው ያለ አይመስልም!

የበረዱን ታሪክ ግን ማንም አልጻፈውም።

ከደጋም በላይ ያለውን አገር አባቶቻችን «ውርጭ» ብለውታል፤ በጉዳቱ ስም መሰየማቸው ነው። እዚያ የመኸሩን እህል በጥቅምትና በኅዳር ጥርት ያለ ሌሊት አመዳይ ስለሚያቃጥለው ገበሬው ተስፋውን በበልግ ላይ ይጥላል። በጥርና በየካቲት የዘራውን በሰኔና በሐምሌ ያጭዳል። የበልግ ዝናብ ደግሞ በረዶ ይዞ ይመጣል። ከቆላው የሚነሳው ሞቃት አየር ገደሉን ታክኮ ሲወጣ ደመናው ይቆለላል፤ ነፋሱ ጠብታውን ደጋግሞ ወደ ላይ እየመለሰ ያደነድነዋል። ያን ጊዜ ምስሩና አተሩ አበባ ላይ ናቸው። ገብስ ገና ቡቃያ ከሆነ ዳግም ሊያቆጠቁጥ ይችላል፤ የረገፈ አበባ ግን ፍሬ አይሆንም።

ቆላው ይህን የሚያውቀው በገበያ ነው። እሁድ እሁድ ሰንበቴ ላይ ከመንዝ ገብስ፣ ባቄላ፣ ባናና በርኖስ ይወርዳል፤ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ይነዳል፤ ኦሮሞው ማሽላውን፣ አርጎባው ሸማውን ያወጣል። ደጋው አበባ ላይ ከተመታ ገብስ የጫነ አህያ ያንሳል፣ ያለ ጊዜው የሚሸጥ በግ ይበዛል። በግ ይረክሳል፣ እህል ይወደዳል። ፍየሉን ሸጦ እህል የሚሸምተው አፋር አንዲት የበረዶ ፍሬ ሳያይ አብሮ ይጎዳል።

በ1965 የቀረው ዝናቡ ራሱ ነበር። የወሎ ረሃብተኛ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ሲወርድ፣ መንገዱ ይኸው በከሚሴና በሰንበቴ የሚያልፈው አስፋልት ነው። ያ ክፉ ዘመን በመጽሐፍም በፊልምም ቀርቷል። በረዶ ግን አንዱን መንደር መትቶ ጎረቤቱን ይዘላልና መዝገብ የያዘለት የለም። ያለው በሽማግሌዎች አንደበት ነው፤ እነሱም እሁድ እሁድ ገብሳቸውን ጭነው ሰንበቴ ይወርዳሉ።