የሚሠራው ክኒን

«በአንድ ወር 15 ኪሎ ይቀንሱ! ስፖርት የለ፣ ምግብ መተው የለ!» ይህን ዓይነት ማስታወቂያ ቴሌግራም ወይም ቲክቶክ ላይ ያላየ ሰው ብዙ አይመስለኝም። አብዛኞቻችን «ውሸት ነው፣ አይሠራም» ብለን እናልፈዋለን። ታሪክ ግን የባሰ ነገር ያሳየናል። አንዳንዱ ክኒን በእርግጥ ይሠራል፤ የሚገድለውም ስለሚሠራ ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የፈረንሳይ የጥይት ፋብሪካዎች ዳይናይትሮፌኖል (በአጭሩ ዲኤንፒ) የተባለ ኬሚካል ለፈንጂ መሥሪያ ይጠቀሙ ነበር። ኬሚካሉን የሚነኩትና የሚተነፍሱት ሠራተኞች ያልባቸው፣ ያተኩሳቸውና ይከሱ ጀመር። የሞቱም ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ሞሪስ ቴይንተርና ዊንዘር ከቲንግ ይህ ኬሚካል ውፍረት እንደሚቀንስ አሳተሙ። ወሬው በፍጥነት ተዛመተ። ነጋዴዎች በየስሙ እያሸጉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጡት ገቡ። በ1934 ቴይንተር ራሱ እንደገመተው ቢያንስ 100,000 ሰው ወስዶታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰውነታችን ምግብ አቃጥሎ የሚያገኘውን ኃይል ለሥራ ያከማቻል። ዲኤንፒ ይህን ማከማቻ ያፈርሰዋል፤ ኃይሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ድስት ሳይጣድበት ከሰሉ እየነደደ እንደሚያልቅ ምድጃ ማለት ነው። ስቡ ይቀልጣል፤ ነገር ግን የሰውነት ሙቀት መቆሚያ ያጣል። በሚያከሳው መጠንና በሚገድለው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ዛሬም ድረስ።

ሰዎች ሞቱ። ከ1935 ጀምሮ ደግሞ ሐኪሞች ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። የአረጋውያን ሕመም የሚባለው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ክኒኑን በወሰዱ ወጣት ሴቶች ላይ ታየ።

ታዲያ መንግሥት የት ነበር? እዚህ ላይ ነው ቁም ነገሩ። በሥራ ላይ የነበረው የ1906 ሕግ «መድኃኒት» የሚለው በሽታን የሚፈውስ ነገርን ነበር። ውፍረት ደግሞ በሕጉ ዓይን በሽታ አልነበረም። ስለዚህ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሕዝቡን ከማስጠንቀቅ ያለፈ ብዙ አቅም አልነበረውም። በዚያ ላይ ሕጉ ሻጩ ስለ ዕቃው እንዳይዋሽ እንጂ ዕቃው እንዳይጎዳ አያስገድድም። ዲኤንፒ ያከሳል ብሎ የጻፈ ነጋዴ ደግሞ አልዋሸም!

ሕጉ የተለወጠው ሌላ እልቂት ከደረሰ በኋላ ነው። በ1937 መርዛማ ፈሳሽ የተቀላቀለበት ሰልፋኒላማይድ የተባለ ሽሮፕ ከ100 በላይ ሰዎች ፈጀ፤ ከሟቾቹ መካከል ሕፃናት ነበሩ። በ1938 የወጣው አዲስ ሕግ አዲስ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ጉዳት እንደሌለው አምራቹ እንዲያስረዳ አስገደደ። ለማክሳት ተብለው የሚሸጡትንም በቁጥጥር ሥር አስገባ። ዲኤንፒም ከገበያ ወጣ።

ጨርሶ ግን አልጠፋም። ኢንተርኔት መልሶ አመጣው። በ2015 ብሪታንያ ውስጥ አንዲት ወጣት ወስዳው ከሞተች በኋላ ኢንተርፖል ለ190 አገሮች ማስጠንቀቂያ አሰራጨ። ከ80 ዓመት ገደማ በፊት የተዘጋ መዝገብ እንደገና ተከፈተ።

ወደ እኛ እንምጣ። የእኛው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ያልተመዘገበ መድኃኒት ለገበያ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ነገር ግን በሻንጣ ገብቶ፣ በኢንቦክስ ዋጋ ተነግሮት፣ በሞተር ቤት ድረስ የሚመጣን ክኒን አዋጅ ብቻውን አያቆመውም። እዚያ ላይ ያለው ተቆጣጣሪ ገዢው ነው።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ «ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አይበቃም። ዲኤንፒም ይሠራ ነበር። ጥያቄው «ውስጡ ምን አለ? ማን መረመረው? ብጎዳ ማንን እጠይቃለሁ?» ነው። «በፊትና በኋላ» የሚለው ፎቶ ወገብ ያሳያል እንጂ ልብን፣ ጉበትን፣ ዓይንን አያሳይም። ሻጩ ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ከሌለው፣ ብሩንም ጤናውንም ይዞ መቅረት ይሻላል።